ነነዌ ምሕረት ስታገኝ ዮናስ ለምን ተቆጣ?

ይህን ትምህርት በራዲዮ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። በወረቀት የወጣው ደግሞ ረጋ ብላችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከጎናችሁ አድርጋችሁ እንድታነቡት ነው። እንግዲህ ትንቢተ ዮናስን አውጡ። አራት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ ቡና እስኪፈላ ትነበባለች።

ዮናስ ሲባል ወዲያው የሚታወሰን ዓሣው ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሚስሉት ዓሣውን ነው፤ እኛም ሰባኪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰብከው ስለ ሽሽቱና ስለ ዓሣው ሆድ ነው። ዓሣው ግን በመጽሐፉ ውስጥ የተጠቀሰው በሦስት ቁጥሮች ብቻ ነው። ትልቁ ጉዳይ ያለው ምዕራፍ አራት ላይ ነው። አንድ ነቢይ ሰበከ፣ አንድ ከተማ በሙሉ ንስሐ ገባ፣ ሰባኪውም ተናዶ ሞቴን ስጠኝ ብሎ ለመነ! እስቲ ንገሩኝ፣ ኮንፈረንስ ላይ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ወደ ፊት ሲወጣ መድረኩን ትቶ የሚያኮርፍ ወንጌላዊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዮናስ ያደረገው ይህንን ነው። ምክንያት አልነበረውም እንዳትሉ፤ ነበረው። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ታሪክ መግባት አለብን።

የአማቴ ልጅ ዮናስ በብሉይ ኪዳን ከዚህ መጽሐፍ ውጭ የሚገኘው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ 2ኛ ነገሥት 14፥25። አገሩ ጋትሔፌር ትባላለች። በዛብሎን ርስት ውስጥ፣ በገሊላ፣ ናዝሬት ካለችበት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ቦታ ናት። (እግረ መንገዴን፦ በዮሐንስ 7፥52 ፈሪሳውያን ከገሊላ ነቢይ አይነሣም ብለው ኒቆዲሞስን ሲያፋጥጡት ዮናስን ጭራሽ ረስተውታል። የተማረም ሰው ሲናደድ ይረሳል።) ዘመኑ የዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ8ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ።

እዚያች ምዕራፍ ላይ ያለችውን ነገር ልብ በሉልኝ። ኢዮርብዓም ክፉ ንጉሥ እንደ ነበረ ቁጥር 24 በግልጽ ይናገራል። ሕዝቡም ቢሆን ንስሐ ገባ የሚል የለም። ሆኖም እግዚአብሔር መከራቸውን አይቶ አዘነላቸውና በዚያው በክፉው ንጉሥ እጅ የአገሩን ድንበር መለሰላቸው። ይህን የምሥራች አስቀድሞ የተናገረው ነቢይ ማን ነበር? ዮናስ! ዮናስ ለማይገባው ሕዝብ የተሰጠ ምሕረት ምን እንደሚመስል ያውቃል። በገዛ አፉ ተናግሮታል። ለገዛ ወገኑ ሲሆን አልከበደውም።

አሁን ወደ አሦር እንሂድ። ነነዌ ያለችው በጤግሮስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከዛሬዋ የኢራቅ ከተማ ከሞሱል ፊት ለፊት ነው። ዮናስ ሊሸሽ መርከብ ከተሳፈረባት ከኢዮጴ እስከዚያ በቀጥታ ሲለካ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግርና በአህያ የሚሄድ ሰው ግን በቀጥታ አይሄድምና መንገዱ ከዚያ ይረዝማል። እስራኤላውያን አሦርን የሚያውቋት በወሬ ብቻ አልነበረም። ከ883 እስከ 859 ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው ዳግማዊ አሹርናሲርፓል የተማረኩትን ሰዎች ቆዳ እንደ ገፈፈ፣ የራስ ቅል እንደ ቆለለ፣ ወጣቶችን በእሳት እንዳቃጠለ በድንጋይ ላይ አስቀርጾታል። ጠላቶቹ ስሙን ሊያጠፉ የጻፉበት እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ የኮራበት ነው። ልጁ ሦስተኛው ሰልምናሶር ደግሞ በ841 ከእስራኤል ንጉሥ ከኢዩ ግብር ተቀበለ። ይህን የሚያሳየው ጥቁር ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1846 ኦስተን ሄንሪ ሌያርድ በሚባል እንግሊዛዊ ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ቆሟል። ኢዩ፣ ወይም የኢዩ መልእክተኛ፣ በግንባሩ መሬት ላይ ተደፍቶ ይታያል። ኢዩ ማለት የኢዮርብዓም ቅድመ አያት ነው። እንግዲህ ዮናስ ተነሥተህ ሂድ የተባለው አያቶቹን በግንባራቸው ወደ ደፋው ሕዝብ ነበር።

በዮናስ ዘመን ግን አሦር ተዳክማ ነበር። በንጉሥ ሦስተኛው አሹርዳን ዘመን፣ ከ772 እስከ 755፣ አሦራውያን በየዓመቱ ዋና ዋና ነገሮችን የሚመዘግቡበት ዝርዝር የሚያሳየን አስጨናቂ ነገር ነው። በ765 ቸነፈር። በ763 በአሹር ከተማ ዓመፅ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የፀሐይ ግርዶሽ። በ759 እንደ ገና ቸነፈር። ይህ ግርዶሽ ለታሪክ ምሁራን ትልቅ ሀብት ነው፤ ቀኑ በሥነ ፈለክ ስሌት ስለሚታወቅ የአሦርን የዘመን አቆጣጠር የሚያስሩት በእርሱ ነው። አንዳንድ ተንታኞች ዮናስ የደረሰው ሕዝቡ በነዚህ ነገሮች በተሸበረበት ወቅት ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለ ግርዶሹ አንድ ቃል አይናገርም፤ የአሦር ጽላቶችም ዮናስን በስም አይጠሩም። እኔ በበኩሌ ነነዌ የተመለሰችው በግርዶሽ ፈርታ ነው ብዬ አልሰብክም። ሕዝቡ በእግዚአብሔር አመነ ነው የሚለው ምዕራፍ 3፥5። ግርዶሽና ቸነፈር ያየ ሕዝብ ሁሉ ንስሐ ቢገባ ኖሮ ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። እኛም እኮ ወረርሽኝ አይተናል።

የዮናስ ስብከት በዕብራይስጡ አምስት ቃል ብቻ ናት። አርባ ቀን ቀርቶላችኋል፣ ከዚያ ከተማችሁ ትገለበጣለች የሚል ነው መልእክቷ። ንስሐ ግቡ የሚል የለበትም። ምሕረት አለ የሚል የለበትም። የእግዚአብሔርንም ስም አላነሣም። ሰባኪ ሆኜ ስናገር፣ ከዚህ የደረቀ ስብከት አላውቅም። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። መገልበጥ ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ግሥ በዘፍጥረት 19 ሰዶምና ገሞራ የተገለበጡበት ራሱ ግሥ ነው። ነገር ግን ያው ግሥ በ1ኛ ሳሙኤል 10፥6 ሳኦል ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚለወጥ ሲነገረውም ገብቷል። ዮናስ የተናገረው የመጀመሪያውን አስቦ ይመስለኛል። የሆነው ሁለተኛው ነው። ከተማይቱ ተገለበጠች፣ ማለቴ ሰዎቿ ተገለበጡ።

የንጉሡ አዋጅ

አሁን ምዕራፍ 3 ከቁጥር 5 እስከ 9 ያለውን አንብቡ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ጾሙ የተጀመረው ከቤተ መንግሥት አይደለም፤ ከሕዝቡ ነው። ወሬው ወደ ላይ ወጥቶ ንጉሡ ጋ ደረሰ። ንጉሡም ከዙፋኑ ወረደ፣ መጐናጸፊያውን አውልቆ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። እኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ መሪው ካልጀመረ ሌላው አይነሣም ብለን እንቀመጣለን። ሽማግሌዎቹ ይጥሩን፣ ኅብረቱ ይወስን፣ ደብዳቤ ይምጣ እንላለን። ነነዌ ደብዳቤ አልጠበቀችም።

አዋጁ ደግሞ እንስሳቱም እንዲጾሙና ማቅ እንዲለብሱ ያዛል። ይህን ስናነብ ፈገግ እንላለን። በዚያ የዓለም ክፍል ግን እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ፋርሳውያን በ479 ከክርስቶስ ልደት በፊት ማሲስቲዮስ የሚባል የጦር አለቃቸው ሲሞት የራሳቸውን ፀጉር ብቻ ሳይሆን የፈረሶቻቸውንና የጭነት ከብቶቻቸውን ፀጉር ሳይቀር እንደ ላጩ ጽፏል። ሐዘኑ የቤቱ ሁሉ ነው፤ ከብቱም የቤቱ አካል ነው። ገጠር ያደጋችሁ ይህ ይገባችኋል።

አዋጁ የጠራው ኃጢአት የትኛው ነው? ይህን ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ነነዌ የጣዖት ከተማ ነበረች፤ ቤተ ጣዖቷ የታወቀ ነው፣ ኢሽታር የምትባለዋ አምላክ የምትመለክባት ከተማ ነበረች። ንጉሡ ግን በስም ለይቶ የጠራው ኃጢአት ግፍ ነው። እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ነው ያለው። በእጁ ያለው! እጅ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ይታያል፤ የተቀማ መሬት ነው፣ የተነጠቀ ከብት ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ ደም ነው። ቁጥር 10 ላይም እግዚአብሔር ያየው ምን እንደ ሆነ ተጽፏል። ሥራቸውን፣ ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው ያየው። ማቃቸውን አየ አይልም።

የአይሁድ መምህራን ይህን ቀድመው አስተውለውታል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ አካባቢ የተጠናቀረው ሚሽና፣ ታዓኒት በሚባለው ስለ ጾም በሚናገረው ክፍሉ፣ ዝናብ ጠፍቶ ሕዝቡ በጾም ሲሰበሰብ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ስለ ነነዌ እንዲያሳስባቸው ያዛል፤ እግዚአብሔር የተመለከተው ጾማቸውንና ማቃቸውን ሳይሆን ሥራቸውን እንደ ነበረ እንዲነግራቸው። ኋላ በታልሙድ ይህንኑ ሲያብራሩ የጠቀሱት ነገር አለ፤ ሰው አንድ ምሰሶ ሰርቆ ቤት ሠርቶበት ቢሆን፣ ቤቱን በሙሉ አፍርሶ ምሰሶውን ለባለቤቱ ይመልሳል። አስቡት። ቤቱ ተሠርቷል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ልጆች ተወልደውበታል፣ የጸሎት ኅብረትም ይደረግበታል። ምሰሶው ግን የጎረቤት ነው።

ከአዋጁ ውስጥ አንዲት ሐረግ ልጨምር። ንጉሡ የጨረሰው ማን ያውቃል በማለት ነው፤ እግዚአብሔር ይመለስልን ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ነቢዩ ኢዩኤልም ሕዝቡን ለጾም ሲጠራ በምዕራፍ 2፥14 ይህንኑ ይላል። ዳዊትም ልጁ ታሞ ሳለ ለምን እንደ ጾመ ሲጠየቅ እንደዚሁ መለሰ፤ 2ኛ ሳሙኤል 12፥22። ልጁ ሞቷል፣ ልብ በሉ። ንስሐ የሚገባ ሰው ምሕረትን ይለምናል እንጂ አያዝም። ጴንጤቆስጤ ነኝ፤ በእምነት ማወጅን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሦስት ቀን ጾመን በአራተኛው ቀን ምድራችን ተፈውሳለች፣ አለቀ፣ ተፈጸመ እያልን ማይክ ይዘን ስንጮኽ፣ ያ የአሕዛብ ንጉሥ ከእኛ ይልቅ እግዚአብሔርን የፈራ ይመስለኛል።

የአባቶቻችን ኃጢአት

አንዳንድ ወንድሞች ይጠይቁኛል። ፓስተር፣ ንስሐ የግል አይደለም ወይ? እኔ ስላልሠራሁት ነገር ስለምን ንስሐ እገባለሁ? ሕዝቅኤል 18 እያንዳንዱ በገዛ ኃጢአቱ ይጠየቃል አይልም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕዝቅኤል ያስተማረው እውነት ነው፤ ማንም በአባቱ ኃጢአት አይኰነንም፣ ማንም በአባቱ ጽድቅ አይድንም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ ሕዝብ እንደ ሕዝብ በእግዚአብሔር ፊት ሲቆም ያሳየናል። በሳሙኤል ጊዜ በምጽጳ፣ ታቦቱ በቂርያትይዓሪም ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ሁሉም ተሰብስበው ውኃ ቀድተው በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሱ፣ ጾሙም። ከዚያ በፊት ግን በኣሊምንና አስታሮትን ከየቤታቸው አውጥተው ነበር፤ 1ኛ ሳሙኤል 7።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ነህምያ 9 ነው። ዘመኑ በ445 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ፣ የፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ በነገሠ በሃያኛው ዓመት ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ተሠርቶ አልቋል። በሰባተኛው ወር በ24ኛው ቀን ሕዝቡ ማቅ ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ ትቢያ ነስንሰው ቆሙ። የቀኑን ሩብ ሕጉ ሲነበብ ሰሙ፣ ሌላውን ሩብ ደግሞ ኃጢአታቸውንና የአባቶቻቸውን ኃጢአት ተናዘዙ። የጸሎታቸውን ቋንቋ ፈትሹት። እነርሱ በደሉ ብሎ ብቻ አያቆምም፤ እኛ በደልን ይላል። ነገሥታቶቻችን፣ አለቆቻችን፣ ካህናቶቻችን፣ አባቶቻችን እያለ ይቆጥራል። አባቶቻቸውን ሊከስሱ ሳይሆን ከአባቶቻቸው ጋር በአንድ መስመር ሊቆሙ ነው። ያው ኃጢአት በእኛም አለ ማለታቸው ነው። ከዚያ በፊት በምዕራፍ 5 ምን እንደ ተደረገ ደግሞ አትርሱ፤ ባለጠጎቹ ድሆች ወንድሞቻቸውን በዕዳ ይዘው እርሻቸውንና ልጆቻቸውን ወስደውባቸው ነበር። ነህምያ ጉባኤ ሰብስቦ ፊት ለፊት ወቀሳቸው። እርሻው፣ ወይኑ፣ ቤቱ፣ ወለዱም ሳይቀር ተመለሰ። ምዕራፍ 9 ያለ ምዕራፍ 5 ባዶ ልቅሶ በሆነ ነበር።

ይህ ምዕራፍ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሩቅ አይደለም። ቤተ እስራኤላውያን በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት ያከበሩት የስግድ በዓል በዕዝራና በነህምያ ዘመን የሆነውን ያንን የቃል ኪዳን መታደስ የሚያስብ ነው። ምህላ እያሉም ይጠሩታል። ከማስተሰርያ ቀን በኋላ ሃምሳ ቀን ቆጥረው፣ ጾመው፣ ቄሶቻቸው ኦሪቱን ይዘው፣ ሕዝቡ ተከትሎ ተራራ ላይ ይወጡ ነበር፤ ከተነበበና ከተሰገደ በኋላ ወርደው በደስታ ይበላሉ። አምቦበር ከታወቁት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ዛሬ በእስራኤል አገር ኢየሩሳሌምን ከፍ ብሎ ከሚያይ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ የእስራኤል ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን የአገሪቱ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችንም ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድመው ሦስት ቀን የነነዌን ጾም ይጾማሉ፤ የሶርያና የግብፅ አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ። አይሁድም በማስተሰርያ ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፈ ዮናስን ያነባሉ። እኛ ጾማችንን በዚህ አቆጣጠር አናደርገውም። ግን አንድ ሕዝብ ስለ ሕዝብ ኃጢአት በአንድ ቀን አብሮ መንበርከኩ በአገራችን ከእኛ በፊት የነበረ ነገር ነው።

ምሕረቱ ያስከፈለው ዋጋ

ወደ ዮናስ ቁጣ ልመለስ። በምዕራፍ 4፥2 ለምን እንደ ሸሸ ራሱ ይናዘዛል። ፈርቼ ነው አላለም። ቸር እንደ ሆንህ፣ መሐሪ፣ ለቁጣ የዘገየህ እንደ ሆንህ ስለማውቅ ነው አለ! እነዚህ ቃላት ከየት የመጡ ናቸው? ዘፀአት 34፥6። እስራኤል የወርቅ ጥጃ ሠርታ ሁሉም ሊጠፉ በነበረ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በሲና በሙሴ ፊት ሲያልፍ ስለ ራሱ የተናገረው ነው። እስራኤል በሕይወት ያለችው በዚያ ቃል ነው። ዮናስ ሕዝቡ የቆመበትን መሬት ይዞ እግዚአብሔርን ከሰሰበት፤ ይህ ለእኛ ነው እንጂ ለእነርሱ አይደለም ማለቱ ነው።

አሁን የሚከብደውን ነገር ልናገር። ዮናስ የፈራው ነገር በታሪክ ሆነ። ከነነዌ የተረፈው ሕዝብ ተመልሶ በረታ። በ745 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሦስተኛው ቴልጌልቴልፌልሶር ነገሠና አሦርን እንደ ገና ኃያል አደረጋት። በ733 እና በ732 ገደማ ወደ እስራኤል መጣ። 2ኛ ነገሥት 15፥29ን አውጡ፤ የወሰዳቸውን ቦታዎች ይዘረዝራል። ገሊላን ወሰደ፣ የንፍታሌምን ምድር ሁሉ ወሰደ፣ ሕዝቡንም ወደ አሦር አፈለሰ። ኢሳይያስ 9 ላይ ያኔ የተዋረደችው የዛብሎን ምድርም ናት። የማን አገር ናት ዛብሎን? የዮናስ! ጋትሔፌር እዚያ ናት። ከአሥር ዓመት በኋላ በ722 ሰማርያም ወደቀች፤ የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ከ27,000 በላይ ሰዎች ማርኬ ወሰድሁ ብሎ አስቀርጿል። ሰናክሬም ደግሞ በ701 በይሁዳ ላይ ዘምቶ ለኪሶን አጠፋ፤ ያጠፋበትንም ሥዕል ነነዌ ባለው ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀረጸ። አሁን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል፤ ሴቶችና ልጆች ዕቃቸውን በትከሻ ይዘው ሲወጡ፣ በሬዎች ጋሪ ሲስቡ።

ይህን ስናገር በለሆሳስ ነው። የነነዌ ንስሐ የአንድ ትውልድ ንስሐ ነበር። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ወደ ግፋቸው ተመለሱ፣ የከፈለውም የዮናስ አገር ነው። እግዚአብሔር ይህ እንደሚመጣ አያውቅም ነበር ወይ? ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ማረ? ኤርምያስ 18፥7 እና 8 ላይ መርሁ ተጽፏል፤ ልንቀል ላፈርስ ያልሁት ሕዝብ ከክፋቱ ከተመለሰ እኔም ካሰብሁት እመለሳለሁ የሚል ሐሳብ ነው ያለው። ዛሬ የተመለሰውን ሰው ነገ በልጅ ልጁ እጅ በሚሠራው ኃጢአት ዛሬ አይገድለውም። በዮናስ 4፥11 የቆጠረው ቀኝና ግራቸውን የማይለዩትን 120,000 ሰዎች ነው፣ እንስሳትንም ጭምር።

ግፉ ሲደጋገም ደግሞ ዝም አላለም። ከዮናስ መቶ ዓመት ያህል በኋላ ናሆም ተነሣ፤ እርሱም ያንኑ የሲና ቃል ያዘ። ለቁጣ የዘገየ መሆኑን አልካደም፤ በ1፥3 ላይ ግን በደለኛውን ንጹሕ ነህ ብሎ እንደማይለቅቅ ጨመረ። ዮናስ በምሬት የተወውን የቃሉን ሌላ ገጽ ናሆም አነሣው። በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ነነዌን አፈረሷት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ401 ግሪካዊው ዜኖፎን ከጦር ጋር በፍርስራሿ በኩል ሲያልፍ የነነዌን ስም አልጻፈም፤ ባዶ ቅጥር አይቶ ሄደ። ሁለቱን ትንቢቶች መጨረሻቸውን አስተያዩ። ሁለቱም ስለ ነነዌ ናቸው፣ ሁለቱም በጥያቄ ነው የሚያልቁት። አንዱ ላዝንላት አይገባኝምን ይላል፣ ሌላው ክፋትሽ ያልደረሰበት ማን አለ ይላል። እግዚአብሔር ሁለቱንም ጥያቄ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጧል፤ እኛ ግን ለወገናችን የመጀመሪያውን፣ ለሌላው ሁለተኛውን እየመረጥን እናነባለን።

ወገኔ፣ አንተ ዘመድህ የተገደለብህ፣ አንቺ ቤትሽ የተቃጠለብሽ፣ ይህን የምጽፈው ቁስላችሁን አቅልዬ አይደለም። ያንን ያደረገ ሕዝብ ንስሐ ቢገባ ደስ ይላችኋል ወይ ብዬ ወዲያው መልሱልኝ አልልም። እግዚአብሔርም ዮናስን ወዲያው መልስ አላለውም። ጥላ ሰጠው፣ ጥላውን ነሣው፣ ጠየቀው፣ ጠበቀው። ግፍ ለተፈጸመበት ሰው ፍትሕ ይገባዋል፤ ናሆምም የእግዚአብሔር ቃል ነው። ነገር ግን በአገር አቀፍ ጾማችን ላይ ስንሰበሰብ ጸሎታችንን አዳምጡት። ጌታ ሆይ የእነዚያን ዓይን ክፈት፣ የእነዚያን እጅ መልስ እንላለን። የእነዚያ ሰዎች ኅብረትም በዚያው ሌሊት ስለ እኛ እንደዚያው ይጸልያል። በነህምያ 9 እነዚያ የሚል ንስሐ አላገኘሁም። በእኔ እጅ፣ በቤተ ሰቤ እጅ፣ በእኔ ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች እጅ ያለው ምሰሶ የማን ነው? በዚህ ሳምንት በየቤት ኅብረታችሁ ይህን አንዱን ጥያቄ ይዛችሁ ተቀመጡ። የሌላውን ምሰሶ ሌላው ይቁጠር።

የተዋረደችው ገሊላስ? ኢሳይያስ በዚያችው የዛብሎንና የንፍታሌም ምድር ላይ ብርሃን እንደሚወጣ ተናገረ። ማቴዎስ 4 ቃሉ የተፈጸመው ጌታ ኢየሱስ በዚያ ማስተማር ሲጀምር እንደ ሆነ ይነግረናል። አሦር በረገጠው መሬት ላይ፣ ከጋትሔፌር አጠገብ ባለችው ናዝሬት ያደገው ጌታ፣ ስለ አሦራውያን ሲያነሣ ምን አለ? ማቴዎስ 12፥41፤ በፍርድ ቀን የነነዌ ሰዎች ተነሥተው ይህን ትውልድ ይፈርዱበታል፣ በዮናስ ስብከት ተመልሰዋልና። የአገሩን ሰዎች ያፈለሰውን ሕዝብ አባቶች ምስክር አድርጎ አቆማቸው። ከዮናስ የሚበልጠው ደግሞ እርሱ ነው፤ ዮናስ ጠላቶቹ እንዲጠፉ ከከተማ ውጭ ተቀምጦ ጠበቀ፣ ጌታችን ጠላቶቹ እንዲድኑ ከከተማ ውጭ ሞተ።

ስለ ዮናስ መቃብር አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። በገሊላ፣ ጋትሔፌር በነበረችበት አካባቢ፣ መሽሐድ በምትባል መንደር ዮናስ የተቀበረው እዚህ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሌላው ደግሞ በነነዌ ነበር። ከጥንታዊቷ ከተማ ሁለት ጉብታዎች አንዱ ነቢ ዩኑስ፣ ነቢዩ ዮናስ ይባላል፤ በላዩ ቀድሞ የክርስቲያኖች ገዳም፣ በኋላ መስጊድ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 አይ ኤስ በፈንጂ አፈረሰው። ታጣቂዎቹ ከተባረሩ በኋላ ተመራማሪዎች ከሥሩ ሲገቡ የሰናክሬም ልጅ የአስራዶን ቤተ መንግሥት ጽሕፈቶች አገኙ። ሞሱል ላይ ሰዎች ኮረብታቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠሩት በነገሥታቶቻቸው ስም አልነበረም። እንዲጠፉ ተመኝቶ ከከተማ ውጭ በተቀመጠው በዚያ ገሊላዊ ስም ነበር።